ኤሊው ምን አለ?

ውሻው ጨረቃን ይፈራ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህባት ኖሮ አሁን እቤቷ ድረስ እንዴት ይሂድ? «ብታውቀኝስ?» ይላል፣ የሚጓዙባት በርሜል ጥግ ውስጥ ጅራቱን አቅፎ ተቀምጦ። «ድምፄን ብትለየኝስ?» አባቴ ይህን ገጽ ባነበበልኝ ቁጥር ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

የካርቱን መጽሐፍ ነው። አባቴ ከሚሠራበት ቦታ በር ላይ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ገዝቶ ያመጣልኝ፣ ሽፋኑ የላላ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው መጽሐፍ። ከውሃ በርሜል በተሠራች መንኮራኩር ወደ ጨረቃ ስለሚሄዱ እንስሳት ነው የሚያወራው። ካፒቴኑ አህያ ነው፤ «ካፒቴን ዕቃ አይሸከምም» እያለ የገዛ ኮፍያውን እንኳ ለሌላ ያሸክማል። ሞተሩ የሚሠራው በእንቁላል ስለሆነ መሐንዲሷ ዶሮ ናት። ዶሮዋ ከደነገጠች መጣሏን ታቆማለች፣ በርሜሏም ሰማይ መሀል ቀጥ ትላለች፤ ያኔ ሁሉም ከበዋት ደግ ደግ ነገር ያወሩላታል። ጠጋኙ ኤሊ ነው። አንድ ነገር ሲበላሽ እዚያ ለመድረስ ብቻ ሦስት ገጽ ይፈጅበታል።

መጽሐፉ መሀል ላይ በርሜሏ «የዝምታ ቀለበት» የሚባል ቦታ ትገባለች። እዚያ ቃል ክብደት አለው። አንድ ቃል የተነፈሰ እንደሆነ በርሜሏ አንድ ክንድ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ወሬ ከበዛ ደግሞ ወድቃ ትከሰከሳለች። ስለዚህ ለስድስት ገጽ ሁሉም አፋቸውን ይዘው ይጓዛሉ፣ አህያው በኮቴው፣ ዶሮዋ በክንፏ፣ ውሻው በሁለት እጁ። ኤሊው ብቻ በውጭ በኩል እየተንፏቀቀ ሄዶ የላላውን ብሎን ያጠብቃል። በሰባተኛው ገጽ ቀለበቱ ያልቃል፤ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረውም እሱ ነው።

ኤሊው ምን እንዳለ ግን አልይዘውም ነበር። ሌላውን ሁሉ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። የኤሊው ነገር አባቴ ባነበበው ቁጥር ይለያያል። አንዴ «መፍቻዬን ማን ወሰደው?» ይላል። ሌላ ጊዜ «ምሳ አልቀረም?» ይላል። አንድ ቀን ደግሞ የሥራ ኮፍያውን ደፍቶ፣ አልጋዬ ላይ ቆሞ፣ «ክቡራን መንገደኞች! ጨረቃ ላይ ወራጅ ካለ ይዘጋጅ!» አለና እናቴን ከጓዳ በሩጫ አስወጣት።

ሥራው ነበር እንዲህ ማለት። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ከመስታወት ኋላ ተቀምጦ የአውቶቡሶችን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ይናገር ነበር። ሁሉንም ነገር «ክቡራን መንገደኞች» ብሎ ስለሚጀምር ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ክቡራን» ብሎ ይጠራው ነበር። እኔም የክቡራን ልጅ ነበርኩ። እናቴ ቢሮ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ስትለቅም ስለምትውል እቤት ስትገባ ጸጥታ ነው የምትፈልገው።

«ደግሞ ያቺን የአህያ ወሬ ጀመራችሁ?» ትላለች።

«ቀስ በይ፣ ካፒቴኑ ይሰማሻል» ይላታል አባቴ።

እኔ ይህን ሰምቼ እናቴ መጽሐፉን ትጠላዋለች አልኩ። አንዴ ያልኩትን የምለቅ ልጅ አልነበርኩም፤ አሁንም ብዙ አልተሻለኝም።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የትምህርት ቤታችን አጥርና የመናኸሪያው አጥር አንድ ስለነበር የአባቴ ድምፅ ክፍል ውስጥ ድረስ ይመጣል። ሒሳብ እየተማርን ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። «ክቡራን…» አለ። ቆየ። «ክቡራን…» አለ እንደገና፣ ቃሉን እንደ ከባድ ጆንያ እየጎተተ። ከዚያ ማጉያው ሳይዘጋ ለረጅም ጊዜ ሽሽ ሲል ቆየ።

ልጆቹ ሳቁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «አባትሽን እንቅልፍ ወሰደው» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። አባቴ በዚያች ደቂቃ ማይክሮፎኑ ላይ ተደፍቶ ነበር። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ አልወደውም።

ከሐኪም ቤት የወጣው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሟል፤ የፊቱ አንድ ወገን ወደ ታች ወርዷል። እናቴ በር ላይ አስቁማ፣ «አባትሽ ታሟል። ለጊዜው አይናገርም። በጥያቄ አታስቸግሪው» አለችኝ። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ፊት ለፊቱ ከሞተ ብዙ ዓመት የሆነው ትልቁ ሬዲዮናችን ነበር፤ እናቴ ማስቀመጫ አድርጋው የዳንቴል ልብስ አልብሳዋለች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሊጠይቀው መጣ። አባቴ ደንቆሮ የሆነ ይመስል ጆሮው ላይ ይጮህበታል። «አይዞህ ክቡራን! ምንም አትሆንም! ቀስ እያለ ይመለሳል!» ሲወጣ ግን በረንዳው ላይ በመሀረቡ ፊቱን ሲጠርግ አየሁት፤ ጉንፋን የያዘው መሰለኝ። ምን እንደሚመለስ፣ ከየት እንደሚመለስ አልነገረኝም። እኔ ግን የማውቅ መሰለኝ።

ልብስ ሰፊው እንደሄደ የአባቴን ጉልበት ተደግፌ በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ቀለበቱ ውስጥ ነህ አይደል?»

እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ። በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ፤ ቀስ ብሎ የግራ እጁን አነሳና እሱም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴ ተረጋጋ። ቀለበት ያልቃል፤ ስድስት ገጽ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት በሳምንት ሁለት ቀን እቤታችን መምጣት ጀመረች። ከቦርሳዋ መጀመሪያ የምታወጣው የእጅ መስታወት ስለሆነ «ባለመስታወቷ» አልኳት። ንግግር የምታስተምር ባለሙያ ናት፤ አባቴ የገዛ ከንፈሩን እያየ ድምፅ እንዲያወጣ መስታወቱን ትይዝለታለች። ይህን ያኔ ማን ነግሮኝ። እኔን «ውጪ ተጫወቺ» ብለው በሩን ይዘጋሉ፤ እኔ በቁልፍ ቀዳዳው አያለሁ። መስታወቱን አፉ ላይ ደቅና «ማ በሉ ጋሼ። እስቲ ማ» ትለዋለች። አባቴ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ወንበር ወለል ላይ ሲጎተት የሚያወጣውን የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ይህቺ ሴት አባቴን ልትጥለው ነው የመጣችው አልኩ። በሩ ሥር ተንበርክኬ «አትናገር፣ አባዬ፣ አትናገር» እል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከወትሮው ቀድማ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራለች። ፊት ለፊቷ መጽሐፌ ተዘርግቷል። በእጇ ከቢሮ ያመጣችው፣ ጸሐፊዎች ስሕተት የሚያጠፉበት ነጭ ቀለም ጠርሙስ አለ። እንስሳቱ ከአፋቸው በላይ የሚናገሩባቸውን ደመናዎች በትንሿ ብሩሽ አንድ በአንድ ነጭ እየቀባች ቃላቸውን ታጠፋለች። አህያው አፉን ከፍቶ ምንም አይልም። ውሻው ጅራቱን አቅፎ ምንም አይልም። እናቴ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እያለች ገጹን ገለጠች።

አልጮህኩም። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ወጣሁና ከቤቱ ጀርባ ተቀምጬ አለቀስኩ። የተሰማኝን አሁንም አስታውሳለሁ፤ እናቴን ጠላኋት።

በነጋታው እሷ ሥራ ላይ እያለች መጽሐፉን አነሳሁ። የሬዲዮውን የጀርባ ካርቶን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነበር። ካርቶኑን ገልብጬ መጽሐፉን ከሽቦዎቹ መሀል ከተትኩት። አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ያየኛል። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩለት።

የዚያን ዕለት ማታ ቤቱ ተተራመሰ። እናቴ ፍራሽ አነሳች፣ ቁም ሣጥን ገለበጠች።

«ያቺን የካርቱን መጽሐፍ አይተሻታል?»

«አላየሁም።»

«እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

«አላየሁም አልኩ እኮ!»

ወደ አባቴ ዞረች። «አንተስ? ቀኑን ሙሉ እዚሁ አይደል የምትውለው? ማን አነሳት?»

አባቴ ሬዲዮውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ከዚያ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ። በደስታ ልቤ ሊወጣ ደረሰ። አባቴ ከኔ ጋር ነው!

ባለመስታወቷ ስትመጣ መተላለፊያው ላይ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሌላ መጽሐፍ አይሆንም፣ ሲስተር?» አለች እናቴ።

«አፉ የለመደው እሱ ነው ብለሽኛል እኮ። አዲስ ነገር አሁን አይሆንለትም። መጀመሪያ ያሉት ወራት ናቸው ዋናዎቹ፤ አንድ ሳምንት እንኳ ባይባክን ጥሩ ነው። እስቲ በደንብ ፈልጊያት።»

ቸኩለዋል ማለት ነው አልኩ። ገና ያላጠፉት ቃል ቀርቷቸው ይሆናል።

ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ከትምህርት ቤት ከተመለስኩ በኋላ እናቴ ከሥራ እስክትገባ ሁለት ሰዓት ያህል ነበረኝ። መጽሐፉን ከሬዲዮው አውጥቼ፣ አባቴ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ በተቀቡት ደመናዎች ላይ እያንዳንዱን ቃል በእስክሪብቶ መልሼ ጻፍኩ። ቀለሙ ላይ እስክሪብቶ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ፣ ምላሴን አውጥቼ፣ በቀን ሁለት ገጽ። እየጻፍኩ ለአባቴ በሹክሹክታ አነብለታለሁ። እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ ሕጉ እሱን ነው የሚመለከተው ብዬ ራሴው ደንግጌያለሁ።

የውሻው ገጽ ላይ ስንደርስ «ብታውቀኝስ?» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩ። ከበላዬ እስትንፋስ ሰማሁ። አባቴ ከወንበሩ ወደ ፊት ዘንበል ብሏል። ዓይኑ ገጹ ላይ ነው፣ ከንፈሩ ተጣሟል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቷል።

«ድ…» አለ። «ድም…»

ብድግ ብዬ አፉን በመዳፌ ከደንኩት። «አባዬ! እንወድቃለን!»

ከንፈሩ መዳፌ ሥር እርጥብ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጥብቄ ያዝኩት። ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው በግራ እጁ እጄን ከአፉ ላይ አነሳ፣ ሳመው፣ ከዚያም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አባቴን ከሞት ያዳንኩት መሰለኝ። ያን ቀን ሦስት ገጽ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጨረስኩ። የቀረው አንድ ደመና ብቻ ነበር፤ የኤሊው። ምን እንዳለ አላውቅምና ባዶውን ተውኩት።

ባለመስታወቷ በመጣች ቀን፣ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት፣ መጽሐፉን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁና መሀላቸው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ያጠፋሽውን ሁሉ መልሼዋለሁ» አልኳት እናቴን።

ከፈተችው። አንድ ገጽ አየች፣ ሌላ ገጽ አየች። በትንሿ ብሩሽ አንድ በአንድ የቀባቻቸው ደመናዎች ሁሉ በኔ ጠማማ ፊደል ሞልተዋል። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ተሸነፈች አልኩ በልቤ።

ባለመስታወቷ መጽሐፉን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበች። እስከ መጨረሻው ገለበጠችው። የኤሊው ገጽ ላይ ቆመች፤ ገጹን ወደ አባቴ አዞረችና «ጋሼ፣ ይህቺ ቀርታለች። እስቲ ኤሊው ምን አለ?» አለችው።

አባቴ ግን እኔን ነበር የሚያየው። ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል ነበር። እኔም በሙሉ ሥልጣኔ ፈቀድኩለት።

«አሁን መናገር ትችላለህ አባዬ። ቀለበቱ አልቋል።»

አፉን ከፈተ። እናቴ እጆቿን ከፊቷ አነሳች። አባቴ ባዶዋን ደመና አየ፣ መስታወቱን አየ፣ እኔን አየ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ ቆየ። ምንም አልወጣም። ከዚያ በግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፤ ለኔ ብቻ።

«ገና ነው ማለቱ ነው» አልኳቸው እየሳቅኩ።

እናቴ አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። አመሻሽ ላይ አጠገቤ መጥታ «ጽሕፈትሽ ተሻሽሏል» ብቻ አለችኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ጥቂት ቃላት ተመለሱለት። «ውሃ»፣ «እሺ»፣ «ነይ»፣ የእናቴ ስም። ሌላው ሲጠፋበት በግራ እጁ ጉልበቱን ይመታል፣ ይናደዳል፣ አንዳንዴም ያለቅሳል። ከኔ ጋር ሲሆን ግን እንዲያ አያደርግም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጠቅስልኛል፤ እምቢ ያለው ቃሉ ሳይሆን እሱ ራሱ የሆነ ይመስል። እኔም ካደግኩ በኋላ እንኳ፣ ስለ መንኮራኩር ማሰብ ከተውኩ በኋላ እንኳ፣ ይህ የሁለታችን ቀልድ ነው እል ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ቁም ሣጥን ስናጸዳ የባለመስታወቷን ደብተር አገኘሁ፤ ሥራዋን ስትጨርስ ለእናቴ ትታላት ሄዳለች። አጭር አጭር ጽሑፍ ነው። «በቃሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ ጽሑፉን ሸፍኖ፣ ሥዕሉን እያየ እንዲናገር። ሚስቱ መጽሐፉን አዘጋጅታለች።» ቀጥሎ፣ «መጽሐፉ ጠፍቷል።» ቀጥሎ፣ «መጽሐፉ አልተገኘም። መሞከር አይፈልግም። ምንም ቃል የለም።» ቀኑን ቆጠርኩ። ምንም ቃል የለም የተባለው አፉን የከደንኩበት ሳምንት ነው።

ደብተሩን ይዤ ጓዳ ገባሁ። እናቴ አንብባ ሳትጨርስ ገባት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ስምንት ዓመትሽ ነበር።»

«እነዚያ ሦስት ሳምንታት ባይባክኑ ኖሮ…»

«አላውቅም፣ ልጄ። ሲስተርንም ጠይቄያት ነበር፤ እሷም አታውቅም።» እጇን በጨርቅ አደረቀች። «እሱ ግን መጽሐፏ የት እንዳለች ያውቅ ነበር። ራሱን ከመነቅነቁ በፊት ሬዲዮውን አይቶ ነበር፤ እኔ ሞኟ በኋላ ነው የገባኝ። ባለመስታወቷ የምትመጣበትን ቀን ይጠላ ነበር፣ ያፍር ነበር። ካንቺ ጋር ሲሆን ግን አያፍርም። ከቃሉ አንቺን መረጠ መሰለኝ። እኔ ምን ልበለው?»

መጽሐፉን አውጥቼ መስኮት ጋ ሄድኩ። ገጹን ወደ ብርሃን ስይዘው ከኔ እስክሪብቶና ከእናቴ ነጭ ቀለም ኋላ የታተመው ፊደል ይታያል፤ ሦስቱም ተደራርበው። የኤሊውን ገጽ ያዝኩ። ምንም የለም። ቀለም አልነካውም፣ ወረቀቱ እንደ ቀሪው ገጽ ቢጫ ነው። እናቴ ያልቀባችው የሚጠፋ ነገር ስላልነበረ ነው። ደመናዋ ሲታተምም ባዶ ነበረች። አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ከራሱ ነበር የሚናገረው።

በነጋታው ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል አባቴ ከወንበሩ ሆኖ «እ… እ…» አለኝ። ዞርኩ። ሊነግረኝ የፈለገው ነገር አለ። ሞከረ፣ እምቢ አለው። እንደ ወትሮው ፈገግ አለና ጣቱን ወደ ከንፈሩ አነሳ።

ቦርሳዬን አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተንበረከክኩ። እጁን ያዝኩና ወደ ታች አወረድኩት።

«ተናገር አባዬ» አልኩት። «ብንወድቅም እንውደቅ።»

ፈገግታው ጠፋ። ፈራ። የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ፤ አልተነሳሁም። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ላብ ግንባሩ ላይ መጣ፣ ከንፈሩ ተጣመመ፣ የያዝኩት እጁ ጣቶቼን እስኪያመኝ ጨመቀ።

«ጫ…» አለ። «ጫማሽ።»

ጠበቅኩ።

«ተ… ፈቷል።»

ወደ ታች አየሁ። የግራ ጫማዬ ክር ተፈቶ ወለሉ ላይ ይጎተታል።

መጽሐፉ አሁን እኔ ጋ ነው። ዛሬ ልጆቼ የኔን ጠማማ ፊደል እያነበቡ በውሻው ይስቃሉ፣ ዶሮዋን ያባብላሉ፣ በዝምታው ቀለበት ውስጥ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀለበቱ ያልቃል። ኤሊው ብሎኑን አጥብቆ፣ ጨረቃን ከኋላው አድርጎ፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ አፉን ይከፍታል። «ጫማሽ ተፈቷል» ይላል።